በቅርጫት የቆዩ ጥቁር ድንጋዮች

ኦቴሎ፣ ሲያትል
ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሴላ፣
ኒዋፎዑ ደሴት፣ ቶንጋ

ዓይንዎ እንዴት ሆነልዎ? ልጄ እሴይ ግራ ዓይንዎን ሞራ እንደ ጋረደው ነግሮኝ ነበርና መጀመሪያ እሱን ልጠይቅ ብዬ ነው። ጉልበትዎስ? የቤትዎ ሰዎች ሁሉ ደህና ናቸው?

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አርባ ቀን አልፎታል። ስለ መዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ እጄም ቀርፋፋ ነው። አንድ መስመር ጽፌ አስብበታለሁ፣ ከዚያ እሰርዘዋለሁ። እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ልጄ መክሊት ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰዋለች፤ እርስዎ ዘንድ ደግሞ መምህርቷ ምራትዎ በቋንቋችሁ ታነብልዎታለች። ስንት አፍ አልፎ እንደሚደርስዎ ሳስብ ቃሌን አሳጥራለሁ። ለምን አትደውልም ይሉ ይሆናል። የእሴይን ሞት የሰማሁት በስልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ አልወድም።

እንዴት ሆኖ አደገ ብለው ጠይቀውኛል። እኔ የተወለድኩት ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ የሚባል ሐይቅ አጠገብ ነው። ልብስ ያጠብኩበት፣ የዋኘሁበት ነው። ያ ሐይቅ ድሮ እሳት የተፋ ምድር አፍ መሆኑን የነገረኝ ልጄ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ሲያትል ተወልዶ፣ ባቦጋያን ባይኑ ሳያይ። አርባ ዓመት ሙሉ ውሃ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔ እዚህ ሲያትል፣ ሶዶ በሚባል ሰፈር፣ የሆቴል አንሶላ በሚያጥብ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ሰማዩ ሲጠራ ከበሩ ላይ ሬኒየር የሚባለው ነጭ ተራራ ይታያል። «እማ፣ ተኝቶ ነው እንጂ አልሞተም፤ ሲነቃ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ» ይለኝ ነበር። እንዳለውም ተማረ፤ ተራራ የሚያዳምጥ ሰው ሆነ። በእኛ ሰፈር ሐኪም የሆነ ልጅ አለ፣ ፓይለት የሆነ ልጅ አለ። ተራራ የሚያዳምጥ የእኔ ብቻ ነው።

እናንተ ጋ እንደ ደረሰ ፎቶ ልኮልኝ፣ «እማ፣ እነዚህ ሰዎች ቀለበት ላይ ነው የሚኖሩት። ውጪው ውቅያኖስ፣ ውስጡ ሐይቅ። ባቦጋያን አንስተሽ ባሕር መሃል አስቀምጪው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አገራችሁን የማውቃት ይመስለኛል።

ስለ አባቱም ጠይቀዋል። አክሊሉ ይባላል፤ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። የአባቱ እህት አለች ወይ ላሉኝ፣ የለችም።

አሁን የእኔን ሁለት ጥያቄ ልጻፍ። አንደኛው፣ እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እሴይ የሰጠመ ሕፃን ሲያድን ነው የሞተው ይባላል። ማን እንደ ጀመረው አላውቅም። እውነት ከሆነ የሕፃኑን ስም ይላኩልኝ፤ እጸልይለታለሁ።

ሁለተኛው ይከብደኛል። ያን ጊዜ አውሮፕላኑ ለሳምንታት እንደማይመጣ፣ ሬሳ የሚቆይበት ቀዝቃዛ ቤትም እንደሌለ ሲነግሩኝ እዚያው ይቀበር ብያለሁ። አሁን ግን ይሠራበት የነበረው ዩኒቨርሲቲ አጽሙን ለማምጣት ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ ብሎኛል። የሚቀረው መሬቱ የእናንተ ስለሆነ የእናንተ ፈቃድ ነው። ልጄን ወደ እኔ ይመልሱልኝ። ከአባቱ ጎን ቦታ አለው።

አክባሪዎ
ደስታነሽ


ኒዋፎዑ
የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

(እማ፣ ቀኑን ወደ እኛ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሌላው እሷ እንዳለችው ነው። መክሊት)

እህቴ ደስታነሽ፣

መርከቡ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ትናንት መጣ። ደብዳቤሽ ከሩዝና ከስኳር ጋር ወረደ፤ ደርቆ ነው የደረሰው፤ አመሰግናለሁ። ዓይኔ እንዳለ ነው። የሚያስፈልገኝን አያለሁ፤ የማያስፈልገኝን ማየት ትቻለሁ።

ስለ መዘግየት ይቅርታ አትጠይቂኝ። እኛ ደብዳቤ መጠበቅ ከአያቶቻችን ተምረናል። ዙሪያችን የቀለጠ ድንጋይ የረጋበት ገደል ስለሆነ መርከብ የሚያርፍበት ወደብ አልነበረንም። ድሮ ደብዳቤያችን በብስኩት ቆርቆሮ ታሽጎ ከመርከብ ይወረወር ነበር፤ ዋናተኞቻችን ሄደው እየገፉ ያመጡት ነበር። አንዱን ሻርክ ከበላው በኋላ በታንኳ ሆነ። ልጅሽ ይህን ታሪክ ሦስት ጊዜ አስደግሞኛል።

ሕፃን አልነበረም። ይህን መዋሸት ለአንቺም ለእሱም ክብር አይሆንም። ፉቱ በሚባለው ማራገፊያችን ዕቃ ሲወርድ ተራራ የሚያዳምጠው፣ የምድርን መንቀጥቀጥ የሚጽፈው ሳጥኑ ከገመዱ አመለጠ። ባሕሩ ክፉ ነበር። እሴይ ማንንም ሳይጠይቅ ገባ። ሳጥኑን ለወንዶቹ አቀበለ፤ ለእሱ እጃቸውን ሲዘረጉ ውሃው ቀደማቸው። ባለቤቴ ከዘረጉት አንዱ ነው። እስከ ዛሬ እጁን ያያል።

ለሳጥን ብለሽ እንዳታዝኚ የዚህን ምድር ነገር ልንገርሽ። በ1946 ተራራችን ድንገት ተቀደደ። (እማ፣ በእኛ ጳጉሜን 4 ቀን 1938 ነው፤ ቆጠርኩት።) አንጋሃ የሚባለውን መንደር ከነመጋዘኑ በላው። ሰው ግን አልበላም፤ አንድም ሰው አልሞተም፤ ሽማግሌዎቻችን ሕዝቡን ሁሉ ወደ ከፍታው አወጡት። ከዚያ መንግሥት በመርከብ ጭኖ ኤዋ ወደምትባል ሌላ ደሴት ወሰደን። እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የወደደ ይመለስ ሲባል፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አይቻት ወደማላውቃት አገሬ ተመለስኩ። ተራራው በተቀደደ ጊዜ ማንም ያስጠነቀቀን አልነበረም። ልጅሽ «በዚህኛው ጊዜ ቀድማችሁ ትሰማላችሁ» አለን። ሳጥኑ አሁን ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ተተክሎ ያዳምጣል። አራት መቶ ሰው ከጎኑ ይተኛል።

ልጄን መልሱልኝ ብለሻል። አልከለክልሽም፤ ልፈቅድልሽም አልችልም። በእኛ ቤት ወግ ሰው ሲሞት ከራስጌው የምትቀመጠው እናቱ አይደለችም፤ የአባቱ እህት ናት። ከምንጣፉም ከልብሱም ምርጡ ለእሷ ነው። ስለ ሙቱ የመጨረሻው ቃልም የእሷ ነው። እሴይን ስንቀብር ደሴቱ ሁሉ እየጮኸ አለቀሰ፤ የእሷን ቦታ ግን ባዶ ትተን ነው የቀበርነው። ምንጣፉን ብቻ አነጠፍንላት። የሐዘኑ መዝጊያ ደግሞ ከባሕር ዳር የሚለቀሙ ትናንሽ ጥቁር ድንጋዮች ናቸው፤ ታጥበው መቃብሩን ይሸፍናሉ። ለቅመናቸዋል። ሳይታጠቡ በቅርጫት ቆመዋል፤ እሷን ይጠብቃሉ። እጠቡ ካለች እዚህ ይኖራል፤ አትጠቡ ካለች ትወስጅዋለሽ።

የአባቱ እህት የለችም ብለሻል። እሴይ ግን እዚህ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ምንጣፍ ስሠራ እያየ፣ ስለ አንዲት አክስቱ ያወራን ነበር። ፋንታዬ ይላታል። ቡሪየን በሚባል ሰፈር፣ አውሮፕላን በጣሪያዋ ላይ እየበረረ የምትኖር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዶ የሳምንት መድኃኒቷን በየቀኑ ከፍሎ ያስቀምጥላት ነበር፤ እሷ ደግሞ በዳማ ትበላው ነበር። «ታጭበረብራለች፤ ግን ሲይዟት ታለቅሳለች» እያለ ይስቅ ነበር።

ምናልባት ምራቴ ደብዳቤሽን በደንብ አላነበበችልኝ ይሆናል። ወይም ልጅሽ በደንብ አልተረጎመችው ይሆናል።

ሴላ

(እማ፣ እኔ በደንብ ነው የተረጎምኩት። መክሊት)


ኦቴሎ፣ ሲያትል
ሚያዝያ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ሴላ፣

እንደምን አሉ? ባለቤትዎስ? እጃቸውን እንዳያዩት ይንገሩልኝ። የዘረጋ እጅ አይወቀስም። ይህን እናቱ ናት ያለችው ይበሏቸው።

መክሊት በደንብ ተርጉማለች፤ ምራትዎም በደንብ አንብባለች። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ለእርስዎ ዕድሜ አይገባም ነበርና ይቅር ይበሉኝ።

ፋንታዬ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች አክሊሉን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እኔና ባለቤቴ ወንጌላውያን ነን፤ እሷ ኦርቶዶክስ ናት። በዚህ ተጣልተን አናውቅም ነበር። አክሊሉ ሲሞት ግን በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ መዝሙሩ ገና ሳያልቅ፣ ተነሥታ በአገር ቤት ወግ ደረቷን እየመታች ታለቅስ ጀመር። ስሙን እየጠራች፣ ያዘለችበትን ጀርባ እየመሰከረች። ነጮች ጎረቤቶቻችን ነበሩ፣ የአክሊሉ አለቃ ነበር። ጌታ ዘንድ ለሄደ ሰው እንዲህ አይጮህለትም ብዬ ነው ያመንኩት። አፈርኩም። ለሽማግሌዎቹ በዓይኔ «አውጡልኝ» አልኩ። ሁለት ሰው ብብቷን ይዞ አወጣት። ወንድሟ ሲቀበር መኪና ማቆሚያው ላይ ቆማ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። እሴይ ሲሞትም መርዶ አልላክሁባትም። የወንድሟን ልጅ ሞት ከሰው ሰማች።

ደብዳቤዎን ካነበብን በኋላ መክሊትን «ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እንደሚሄድ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ሶ… ኦኬ፣ አዎ» አለችኝ።

«ላይብረሪ ነው የምሄደው ይለኝ አልነበር?»

«እማ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ላይብረሪ የሚሄድ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሳቅሁ። እሴይ ከሞተበት ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ተቆጣሁ። ከዚያ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ኮራሁ። እኔ የሰበርኩትን ልጄ በየሳምንቱ ሄዶ ሲጠግን ኖሯል፤ አንድ ቀን እንኳ አላሳጣኝም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ተናገርኩ። «ልጄ ሕፃን አላዳነም። የገባው ሳጥን ሊይዝ ነው» አልኩ። ነጂባ የምትባል የፋብሪካ ጓደኛዬ፣ ሙስሊም ናት፣ ለእኔ ብላ መጥታ ነበር፤ ከኋላ «ለሳጥን?» ስትል ተሰማ። «ሳጥኑ ለአራት መቶ ሰው ነው የሚሰማው» አልኳት። ከዚያ ስለ ተራራችሁ ነገርኳቸው። አንድም ሰው ያልሞተበትን እሳት ነገርኳቸው። ፓስተሩ የቀረውን ሰዓት ለእኔ ተወልኝ።

ግን እትዬ ሴላ፣ ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ምጡ የእኔ ነው። እናት ቆማ አክስት እንዴት ትወስናለች? ወግ ነው ይሉኛል፤ አከብራለሁ። ግን እኔን ቢፈቅዱልኝስ? ፋንታዬ በር አትከፍትልኝም። ብትከፍት ደግሞ ምን ብዬ እገባለሁ?

ደስታነሽ


ኒዋፎዑ
ሰኔ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

እህቴ ደስታነሽ፣

ለባለቤቴ ቃልሽን ነገርኩት። በማግስቱ መረቡን አንሥቶ ወደ ባሕር ወረደ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ወርዶ አያውቅም ነበር።

እናት ቆማ አክስት እንዴት ትወስናለች ላልሽው መልሴ ይኸው። እናት ስታለቅስ ዓይኗ አያይም። ስለዚህ አባቶቻችን አንድ ሰው ከራስጌው አስቀመጡ፤ የምትወድ፣ ግን ያላማጠች። እናትን ሊነጥቁ ብለው አይደለም፤ ሸክሙን ሊያግዟት ነው። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ስቀብር የባሌ እህት ነበረች ያዘዘችው። ጠልቻት ነበር። ያን ቀን ግን ምንም ነገር ባለመወሰኔ ተኛሁ።

ማላው የምትባል ወፍ አለችን፤ የዚህችው ደሴት ተወላጅ ናት። እንቁላሏን በእሳተ ገሞራው ሞቃት አፈር ቀብራ ትሄዳለች። አትታቀፍም፤ የሚታቀፍላት ምድሩ ነው። እሴይ ይህን ሲያይ «እናቴ እንዳትሰማ፤ ይህችን ወፍ ጠርታ ትመክራት ነበር» አለን። አሁን ሰማሽ። አትቆጪ።

የእኅቴ ልጅ በኦክላንድ በኩል ወደ አሜሪካ ስለሚሄድ ጥቅል ልኬልሻለሁ። አንድ ጥሩ ምንጣፍ አለ፤ እናቴ ከኤዋ ይዛው የተመለሰችው ነው። አንድ ደግሞ ከዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ በቡናማ ቀለም የተጻፈበት ልብስ። ከፍተሽ እዪው፣ ዳስሺው። ግን ያንቺ አይደለም። ምን ብዬ እገባለሁ ላልሽው፣ ይህን ይዘሽ ግቢ።

ሳጥኑ ደህና ነው። ምራቴ እንደምትለው በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ሲዘሉ እሱንም ይጽፈዋል።

ድንጋዮቹ በቅርጫት ናቸው።

ሴላ


ኦቴሎ፣ ሲያትል
ጳጉሜን 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ሴላ፣

መክሊት ምድራችሁ የነደደበት ቀን ነው ስላለችኝ ዛሬ ልጽፍልዎ ወሰንኩ። በሰላም አላችሁ? ሳጥኑስ ዛሬ ጸጥ ብሏል?

ጥቅሉ ከደረሰኝ ስድስት ሳምንት ሆነ። የልጡን ልብስ ዘርግቼ አየሁት። ሃያ ዓመት አንሶላ ያጠፈ እጅ ነው ያለኝ፤ እሱን ግን እንዴት እንደሚታጠፍ አላወቀም። አራት ጊዜ ሞክሬ እንደ ጥቅልል መጠቅለል ነው የሚወደው ብዬ ተውኩት። ስድስቱን ሳምንት ሳሎኔ ውስጥ ተቀመጠ። አልዋሽዎም፣ ፈርቼ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ መክሊት ተነሥታ ጫማዋን አደረገች። «ወዴት?» ስላት «ላይብረሪ» አለችኝ። ተከተልኳት። ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ። ምንጣፉን እንደ ሕፃን ታቅፌ ስለተቀመጥኩ ሰዉ ያየኝ ነበር።

በሩን ራሷ ከፈተች። ሸምግላለች፤ ፊቷ አክሊሉን ሆኗል። ላዬን ታቼን አየችኝና፣

«መርዶ ልትነግሪኝ ነው?» አለችኝ። «ዘገየሽ።»

«አዎ፣ እትዬ ፋንታዬ፤ ዘግይቻለሁ» አልኳት። «ልጃችን እሴይ ሞቷል።»

ሰምታው የኖረችው ነገር ነው። ግን በእኔ አፍ ሲባል በሩን ይዛ ዝቅ አለች። መክሊት ደግፋ አስገባቻት። ጠረጴዛው ላይ የጠርሙስ ክዳን የተደረደረበት ዳማ አለ። መክሊት እጇን ስትሰድ «እንዳትነኪው! ተራው የሱ ነው» ብላ ጮኸችባት። ከዚያ ለእኔ፣ «ልትሸነፍ ነበር ቢሉሽ እንዳትሰሚ» አለችኝ።

ምንጣፉን ከፊቷ ዘረጋሁ። ከማን እንደመጣ፣ ለምን እንደመጣ ነገርኳት። እናንተ ዘንድ ከራስጌው የምትቀመጠው ማን እንደሆነች ነገርኳት። ቦታዋን ባዶ ትታችሁ እንደቀበራችሁት ነገርኳት።

«እኔን? እኔን ያውቁኛል?»

«እሱ ነግሯቸው ነው። እኔ ግን የለችም ብዬ ጽፌ ነበር።» ይህንንም ነገርኳት። ደግሜ ልዋሽ አልፈለግሁም።

ምንጣፉን ዳሰሰችው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ መሃሉ ላይ ተቀመጠችና አክሊሉ ከተቀበረበት ቀን ጀምራ አለቀሰች። መኪና ማቆሚያው ላይ የቀረባትን ሁሉ አመጣችው። ወንድሟን ጠራች፣ እሴይን ጠራች፣ የመድኃኒት ሳጥኗን ጠራች፣ ባሕሩን ሰደበች። እኔም ከበሩ ሥር ተቀመጥኩና አብሬያት አለቀስኩ። ጌታ ይቅር ይለኛል፤ እሱም በወዳጁ መቃብር አልቅሷል።

በሩ ተንኳኳ። ከላይ ቤት የሚኖር ሰው ነው፤ ስልኩን በእጁ ይዟል፤ ምን ሆናችሁ፣ ሰው ልጥራ ወይ ይላል። ፋንታዬም መክሊትም ወደ እኔ አዩ። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ነው፣ ግን ለዚያች ሰዓት የሚበቃኝን ያህል ነበረኝ። «የአባቱ እህት ናት። ታልቅስ» አልኩትና በሩን ዘጋሁ።

ሲበርድላት መጠየቅ ጀመረች። ሐይቁ እውነት እንደ ባቦጋያ ነው ወይ? መክሊት ፎቶውን አሳየቻት። መቃብሩ ወደ ባሕር ነው ወይስ ወደ ሐይቅ? አላወቅንም፤ ይጻፉልን። በመጨረሻ፣

«ሲቀብሩት ስንት ሰው አለቀሰለት?» አለችኝ።

«ደሴቱ ሁሉ ነው አሉ።»

«አራት መቶ ሰው?»

«አራት መቶ።»

«ጮኸው?»

«ጮኸው፣ እትዬ ፋንታዬ።»

ተነፈሰች። «እንግዲያ ከለቅሶ መሃል አንሥቼ ወደዚህ ዝምታ አላመጣውም» አለች።

ልቤ አንድ ጊዜ እምቢ አለ። ከአክሊሉ ጎን ያለው ባዶ ቦታ ታየኝ። ግን ፊቷን ሳይ፣ እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምወስነው ነገር አልነበረኝም። ያን ቀን ሶፋዋ ላይ እስኪመሽ ተኛሁ። ለዩኒቨርሲቲው ወረቀቱ ይቅር ብያለሁ። ልጄ አገር አለው። አገሩንም ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው።

የመጨረሻውን ቃል ራሴ ካልጻፍኩ ብላለች። ብዕሩን ሰጥቻታለሁ።

አክባሪዎ
ደስታነሽ

በስመ ሥላሴ። ለእህቴ ለሴላ። እኔ ፋንታዬ ነኝ፤ የአባቱ እህት። ምንጣፉ ደርሶኛል፤ ተቀምጬበታለሁ። የናትሽን ዕቃ ስለሰጠሽኝ ባለዕዳሽ ነኝ። ጉልበቴ ከፈቀደ ከዚህች ሴትዮ ጋር እመጣለሁና ዳማ የሚችል ሰው ይዘጋጅ። ልጄን አክብራችሁ ይዛችሁልኛል። ድንጋዮቹን እጠቡ።